ከዳሞ አምባ እስከ ጌጃ ሰፈር፤ የአበ ምኔት ዝክርና የመዝገብ ጠባቂ ኃላፊነት

(በጌጃ ሰፈር ለማኅበራችን አባላት ከተደረገ ንግግር)




ለዛሬው ስብሰባችን እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከእኛ ሙያ ይልቅ ለሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን የሚቀርብ ይመስላል። ርእሱም በጥንት ዘመን የአንድ ገዳም አለቃ የነበረ መነኩሴ እንዴት ቅዱስ ተብሎ እንደ ተከበረ፣ ክብሩም በምን መንገድ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደ ተላለፈ የሚመረምር ነው። ይሁን እንጂ እኛ መጻሕፍትን የምንመዘግብ፣ ሰነዶችን የምንጠብቅ፣ ቅርሶችን የምንረከብ ሰዎች ነን። በየቀኑ በእጃችን ከሚያልፈው የብራና ሀብት ውስጥ እጅግ ብዙው የዚሁ አክብሮት ፍሬ ነው። ገድሉም፣ ድርሳኑም፣ ስንክሳሩም፣ መልክኡም፣ ሥዕሉም፣ በወንጌሉ ኅዳግ የተጻፈው የጉልት ማስታወሻም፣ አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር አንድን አባት ለማሰብ ብሎ ያደረገው ሥራ ነው። እንግዲህ ዝክሩን ሳይረዱ መዝገቡን መረዳት አይቻልም የሚለው አሳብ የንግግሬ መሠረት ይሆናል።

የተሰበሰብንበትም ቦታ ለርእሱ የተስማማ ነው። ጌጃ ሰፈር በልደታ ለማርያምና በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብሮች ጎረቤትነት የኖረ ሰፈር ነው። በዚህ አካባቢ ላደገ ሰው የወሩ ቀን በቁጥር ብቻ የሚጠራ አይደለም። አንድ ቀን ልደታ ነው፤ አምስት ቀን አቦ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ቀን ሚካኤል ነው፤ ዐሥራ አራት ቀን አቡነ አረጋዊ ነው፤ ሃያ አራት ቀን ተክለ ሃይማኖት ነው። በደጀ ሰላሙ የተቀመጠው ነዳይ እንኳ የዕለቱን ቅዱስ ስም ጠርቶ ስለሚለምን፣ የቀን መቁጠሪያ በቤቱ የሌለው ሰው ቀኑን ከነዳዩ አፍ ሊሰማ ይችላል። ለመሆኑ ከ1,400 ዓመት በፊት በትግራይ አምባ ላይ የኖረ አንድ አበ ምኔት በአዲስ አበባ መንደር የወሩ አንድ ቀን ባለቤት ሊሆን የቻለው እንዴት ነው? መልሱን ለማግኘት ከዚህ ሰፈር ተነሥተን እስከ ዳሞ ድረስ መውጣት፣ ከዚያም ተመልሰን ወደ ራሳችን የሥራ ጠረጴዛ መውረድ ይኖርብናል።

የዳሞው አባት

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት፣ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ዘጠኝ መነኮሳት ከሮም ግዛትና ከሶርያ አካባቢ ወደ አክሱም መጡ። እነዚህም ተስዐቱ ቅዱሳን የሚባሉት አረጋዊ፣ ጰንጠሌዎን፣ ገሪማ፣ አፍጼ፣ ጉባ፣ አሌፍ፣ ይምዓታ፣ ሊቃኖስና ጽሕማ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው አቡነ አረጋዊ የመጀመሪያ ስሙ ዘሚካኤል ሲሆን፣ አረጋዊ የተባለው ገና በወጣትነቱ የሽማግሌ ማስተዋል ስለ ነበረው ነው ይባላል። ከባልንጀሮቹ ተለይቶም ከአዲግራት ወደ አድዋ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘውን፣ ዙሪያው ገደል የሆነውን የዳሞን አምባ መረጠ።

ወደ አምባው መውጫ መንገድ አልነበረም። ገድሉ እንደሚተርከው በእግዚአብሔር ትእዛዝ ታላቅ ዘንዶ ወርዶ ቅዱሱን ወደ ላይ አወጣው። ዛሬም መነኮሳቱና ተሳላሚ ወንዶች 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ቀጥ ያለ ገደል ከጠፍር በተገመደ መጫኛ ይወጡታል። ትውፊቱ ቀጥሎ እንደሚለው፣ የዐፄ ካሌብ ልጅ ዐፄ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ለማሠራት መወጣጫ አሠርተው ነበር፤ ሥራው ሲፈጸም ግን ቅዱሱ መወጣጫው እንዲፈርስ አዘዘ፤ የቦታውም ስም ከዚሁ «አፍርሰው» ከሚል የግዕዝ ቃል ወጣ። የስሙ ትርጓሜ እንዲህ መሆኑን የቋንቋ ሊቃውንት ይከራከሩበት ይሆናል፤ በትረካው ውስጥ ያለው አሳብ ግን ግልጽ ነው። ንጉሥ መንገድ ሊሠራ ይችላል፤ መንገዱ ይቆይ ወይስ ይፍረስ ብሎ የሚወስነው ግን አበ ምኔቱ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። አቡነ አረጋዊ በጥቅምት 14 ቀን የሚታሰበው ያረፈበት ቀን ተብሎ ሳይሆን የተሰወረበት ቀን ተብሎ ነው። ስለዚህ በዳሞ የሚሳለሙት የቅዱሱ መቃብር የለም። አንድ ምእመን በሌላ ገዳም ዐፅም ወዳረፈበት ሣጥን ሲቀርብ የሚሰማውን ስሜት፣ በዳሞ የሚሰማው መጫኛውን ሲጨብጥ ነው። ገደሉ፣ መጫኛውና የመውጣቱ ድካም እንደ ቅዱስ ንዋይ ሆነው ይኖራሉ። ሴቶች ወደ አምባው አይወጡም፤ ነገር ግን ትውፊቱ የቅዱሱ እናት እድና ልጅዋን ተከትላ መጥታ ከአምባው በታች በምንኩስና እንደ ኖረች ስለሚናገር፣ የአምባው ግርጌም የዝክሩ ክፍል ነው።

በአምባው ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን በሀገራችን ቆመው ከሚገኙት ጥንታውያን ሕንጻዎች አንዱ ነው። ግድግዳው ድንጋይና እንጨት በየረድፉ እየተፈራረቁ የተሠራ ሲሆን፣ የወራጁ እንጨት ጫፎች ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ፤ ይኸውም በአክሱም ሐውልቶች ላይ በድንጋይ ተቀርጾ የምናየው የአሠራር ዘዴ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ዴሬክ ማቲውስ በተባሉ እንግሊዛዊ የሕንጻ ዐዋቂ መሪነት ታድሷል። ከዚያ ቀደም ብሎም በአምባው ላይ በጥንት ዘመን ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ያስመቷቸው ከ100 በላይ የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተዋል። ዓለምን የናቁ መነኮሳት የኖሩበት አምባ ከሕንድ ውቅያኖስ ንግድ የመጣ ወርቅ በጉያው ይዞ መቆየቱ፣ የገዳም ታሪክ የዓለምም ታሪክ መሆኑን ያስታውሰናል።

ቅዱስ የሚባለው እንዴት ነው?

በሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አንድን ሰው ቅዱስ ብሎ ለማወጅ ምስክር የሚሰማበት፣ ክርክር የሚደረግበት ሥርዓት ቀስ በቀስ ተቋቁሟል። በጽሑፍ የሚታወቀው የመጀመሪያው የጳጳስ ዐዋጅ በ993 እ.ኤ.አ. ለአውግስቡርጉ ኡልሪክ የወጣው ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ግን በአውሮፓም ቢሆን ቅዱሱን ቅዱስ የሚያሰኘው የአካባቢው ሕዝብና የገዳሙ ማኅበር መታሰቢያ ነበር። የምዕራብ መነኮሳት አባት የሚባለው ቤኔዲክቶስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ፣ በትውፊታችን መሠረት የአቡነ አረጋዊ የዘመን ጓደኛ የሆነ አበ ምኔት ነው። ታሪኩን የጻፉለት ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ሲሆኑ፣ የጻፉትም እርሱ ካረፈ ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በስኮትላንድ ምዕራብ በአዮና ደሴት ገዳም የመሠረተው ኮሉምባ በ597 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ፣ ገድሉን ከ100 ዓመት ገደማ በኋላ የጻፈው በዚያው ገዳም አበ ምኔትነት የተተካው አዳምናን ነው።

በእኛም ሀገር መንገዱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የእኛው ዘመን እጅግ የረዘመ መሆኑ ነው። የአቡነ አረጋዊ ገድል የተጻፈው ቅዱሱ ኖረ ከሚባልበት ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ስለ አባ ገሪማ የምናውቀው ድርሳንም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱሙ ኤጲስ ቆጶስ ዮሐንስ ስም የተላለፈው ነው። ከድርጊቱ እስከ ጽሕፈቱ ባለው በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ቅዱሱን ሕያው አድርጎ ያቆየው ምንድን ነው? ብራና አልነበረም ለማለት አይደለም፤ ከብራናው በፊትና ከብራናው ጎን ሌላ ኃይል መኖሩን ለማመልከት ነው። እርሱም ተዝካር ነው። በየዓመቱ ቀኑ ሲደርስ ሰው ይሰበሰባል፤ ይቆማል፤ ይዘምራል፤ ይበላል፤ ለድኻ ያበላል፤ ሽማግሌው ለልጁ ይተርካል። ጽሕፈቱ ሲመጣ ያገኘው ባዶ ሜዳ ሳይሆን ይህንኑ ሥርዓት ነው።

ከገድሉ ውስጥ ለእኛ ሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ቃል ኪዳን የሚባለው ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ቅዱሱ በሕይወቱ መጨረሻ ከጌታ ኪዳን ይቀበላል። ኪዳኑም ለራሱ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ መታሰቢያውን ለሚያደርግ፣ በስሙ ድኻን ለሚያበላ፣ የገድሉን መጽሐፍ ለሚጽፍና ለሚያጽፍ፣ ለሚያነብና ለሚሰማ ሁሉ የሚተርፍ ነው። እንግዲህ አንድ ባላገር አንድ በሬውን ሸጦ፣ አንዲት ወይዘሮ ጌጧን አውጥታ ለደብር ገድል ማጻፋቸው ከዚህ ተስፋ የተነሣ ነው። ሌላው ዓለም መጽሐፍን የሚያስጽፍለት ባለጸጋ ወይም ቤተ መንግሥት ሲፈልግ፣ በእኛ ዘንድ ብዙ ሺህ ብራናዎችን ያስገኘው የዝክር ኪዳን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቆብና የአስኬማ ሐረግ

ወደ ጌጃ ሰፈር ጎረቤት ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንመለስ። የዚህ ጻድቅ ሥዕል በየቤቱ ግድግዳ ላይ ስላለ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስድስት ክንፍ አለው፣ አንድ እግሩም ተሰብሮ ወድቋል። እግሩ በብዙ ዘመን የቁመት ጸሎት የመጣ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የክንፉ ነገር ግን የሚመልሰን ወደ ዳሞ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ተክለ ሃይማኖት ከዳሞ አምባ በመጫኛ ሲወርድ ሰይጣን ገመዱን ቆረጠበት፤ በዚያችም ቅጽበት ክንፍ ተሰጠው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ያለች አንዲት እናት በሥዕሉ ፊት ጧፍ ስታበራ፣ ሳታስበውም ቢሆን የአቡነ አረጋዊን ገመድ ታስባለች።

ይህ ግንኙነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በ1215 እ.ኤ.አ. ገደማ ተወልዶ በ1313 እ.ኤ.አ. ገደማ ያረፈው ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ተምሯል፤ ከዚያም ወደ ዳሞ ሄዶ ከአበ ምኔቱ ከዮሐኒ ቆብና አስኬማ ተቀብሏል። ኢየሱስ ሞዓም ራሱ የዳሞ ደቀ መዝሙር ነበር። የመነኮሳት የትውልድ ሐረግ የሚባሉት ዝርዝሮች ከግብፃዊው እንጦንስ ተነሥተው፣ በመቃርስና በጳኩሚስ በኩል ወደ አረጋዊ ይደርሳሉ፤ ከዚያም በክርስቶስ ቤዛነና በመስቀል ሞዓ በኩል ወደ ዮሐኒ፣ ወደ ኢየሱስ ሞዓና ወደ ተክለ ሃይማኖት ይወርዳሉ።

የታሪክ ተማሪ ይህን ዝርዝር ሲያይ ወዲያው ሁለት ጥያቄዎች ያነሣል። አንደኛ፣ ጳኩሚስ ያረፈው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ሆነ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣውን አረጋዊን ሊያመነኩሰው አይችልም። ሁለተኛ፣ ከአረጋዊ እስከ ዮሐኒ ያለው ሰባት መቶ ዓመት ያህል ዘመን በሁለት ወይም በሦስት ስም ሊሞላ አይችልም። ጥያቄዎቹ ትክክለኛ ናቸው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ዝርዝሩ ዋጋ የለውም ብሎ መደምደም የቃሉን ትርጉም መሳት ነው። በገዳም ቋንቋ አባት ማለት ሥርዓት የወሰዱለት ሰው ማለት ነው። የጳኩሚስ ሥርዓት በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ መተርጎሙ የታወቀ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ «አረጋዊ የጳኩሚስ ልጅ ነው» ሲል የልደት ምስክር ወረቀት እየሰጠ አይደለም፤ «የምንኖርበት ሥርዓት ከወዴት መጣ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እየሰጠ ነው። በዘመን ቆጠራ የሚሳሳት ሰነድ ስለ ሥርዓት አመጣጥ እውነተኛ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ሐረጉ የክብርና የመብት ጉዳይም ነበረ። በ1270 እ.ኤ.አ. ይኩኖ አምላክ ሲነግሡ የረዳቸው መነኩሴ ማን ነበር? የሐይቅ ትውፊት ኢየሱስ ሞዓ ነው ይላል፤ የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ተክለ ሃይማኖት ነው ይላል። የሐይቅ አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚባል ማዕርግ ነበረው፤ የደብረ ሊባኖስ አበ ምኔት እጨጌ ተባለ። ማዕርጉ ከቤተ መንግሥት ጋር፣ ቤተ መንግሥቱም ከመሬት ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ፣ የቅዱሱን ገድል መጻፍ የገዳሙንም መብት መጻፍ ነበር። ይህን ስንናገር የጸሐፊዎቹን እምነት ማቃለላችን አይደለም። አንድ ሰው አባቱን ከልቡ እየወደደ የአባቱንም ርስት ሊጠብቅ ይችላል፤ ሁለቱ በአንድ ብራና ላይ አብረው መገኘታቸው ሰው በሆነ ሁሉ ዘንድ ያለ ነገር ነው።

ሦስት ምስክሮች

እስካሁን የተናገርኩትን በሦስት ምሳሌዎች ላጽና።

የመጀመሪያው ምሳሌ በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት ናቸው። ገዳሙ ከጥንት ጀምሮ ወንጌሉን በእጁ የጻፈው አባ ገሪማ ራሱ ነው፣ በአንድ ቀንም እንዲፈጽመው ፀሐይ ቆመችለት ብሎ ይተርካል። ብዙ ሊቃውንት ግን መጻሕፍቱን ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የተጻፉ አድርገው ይገምቱ ነበር። በኋላ ከብራናው ጥቂት ቁራጭ ተወስዶ በኦክስፎርድ በካርቦን ሲመረመር፣ ዕድሜው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ወንጌላት እንግዲህ በዓለም ላይ ካሉት ጥንታውያን ባለ ሥዕል ወንጌላት መካከል ናቸው። ምርመራው ፀሐይ መቆሟን አላረጋገጠም፤ የጸሐፊውንም ስም አልነገረንም። ነገር ግን ስለ መጽሐፉ ዕድሜ መነኮሳቱ የተናገሩት ከሊቃውንቱ ግምት ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ መሆኑን አሳየ። ከዚህም በላይ መጽሐፉ እስከ ዘመናችን ሊደርስ የቻለው የቅዱሱ እጅ ሥራ ነው ተብሎ ስለ ተከበረ ነው። አክብሮቱ ባይኖር ኖሮ ለምርመራ የሚቀርብ ብራና አይገኝም ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የሐይቁ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው። ይህን መጽሐፍ አበ ምኔቱ ለገዳሙ የሰጠው በ1280 ወይም በ1281 እ.ኤ.አ. ነው። በውስጡ ከወንጌሉ ቃል ሌላ ስለ ገዳሙ ንብረት የተጻፉ ማስታወሻዎች፣ የገዳሙም መጻሕፍት ዝርዝር ይገኛሉ። እንግዲህ በሀገራችን ከሚታወቁት ጥንታውያን የቤተ መጻሕፍት ዝርዝሮች አንዱ የተጻፈው በአንድ አበ ምኔት ወንጌል ላይ ነው ማለት ነው፤ እኛም የሙያ አባት ብንፈልግ ከዚያ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዚያው ወንጌል ውስጥ የኢየሱስ ሞዓ ሥዕል አለ። ሥዕሉ መቼና በማን አሳብ ገባ የሚለው ጥያቄ፣ አንድ አለቃ መከበር የጀመረው መቼ ነው ከሚለው ጥያቄ ጋር ስለሚያያዝ ተመራማሪዎች በጥሞና መርምረውታል። መጽሐፉ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባና በአሜሪካ በኮሌጅቪል ትብብር በተካሄደው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ በቁጥር 1832 ተመዝግቧል። በዚያ ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ ለብዙዎቹም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያዘጋጁት ዝርዝር መሪ ሆኖናል። ያ ዝርዝር ኅዳጉን ሁሉ ባያነብልን ኖሮ ወንጌሉ በመዝገባችን ውስጥ «ወንጌል፣ ብራና» ተብሎ ብቻ ይቀር ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ የሚያሳዝን ነው። ተክለ ሃይማኖት ካረፈ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ዐፅሙ ወደ ሌላ ሥፍራ ፈለሰ፤ ይህም በየዓመቱ ግንቦት 12 ቀን ይከበራል። በ1929 ዓ.ም. ግንቦት 12 ቀንም እንደ ልማዱ መነኮሳትና ምእመናን በደብረ ሊባኖስ ለበዓሉ ተሰበሰቡ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በግራትሲያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ገዳሙን ይጠረጥሩት ስለ ነበር፣ በጄኔራል ማሌቲ የሚመራው ጦር ገዳሙን ከቦ የተሰበሰቡትን ያዘ፤ በማግሥቱም ፈጃቸው፤ ዲያቆናቱንም ከጥቂት ቀናት በኋላ ጨመራቸው። ግራትሲያኒ ለአለቆቹ የላካቸው ቴሌግራሞች የተገደሉትን 449 ያደርሷቸዋል፤ ኢያን ካምፕቤል ያደረጉት ጥናት ግን ቁጥሩ ከዚህ በብዙ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ይህን እዚህ ያነሣሁት ለሐዘን ብቻ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ሰነድ አለን። አንዱ የገዳዩ ቴሌግራም ነው፤ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፤ የሟቾቹ ስም ግን የለውም። ሁለተኛው የዝክር ቀን ነው፤ ያ ሁሉ ሰው በዚያ ቀን በዚያ ቦታ ለምን እንደ ተገኘ የሚነግረን እርሱ ነው። ቴሌግራሙን ብቻ የሚያነብ ሰው ስንት እንደ ሞቱ ይጽፍ ይሆናል፤ ማን እንደ ነበሩ ግን አያውቅም።

ከእኛ የሚጠበቀው

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ገድልን በተመለከተ በሙያችን ውስጥ ሁለት ዝንባሌዎች ይታያሉ። አንደኛው ገድሉ የሚለው ሁሉ እንደ ዜና መዋዕል ቃል በቃል የተፈጸመ ታሪክ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ገድል ተረት ስለ ሆነ ለታሪክ አይጠቅምም የሚል ነው። ሁለቱም በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ ይኸውም ገድሉን ስለ ቅዱሱ ዘመን ብቻ የሚናገር አድርገው በመቁጠራቸው ነው። የሀገራችን ሊቃውንት ግን ሌላ መንገድ አሳይተውናል። ሥርግው ሀብለ ሥላሴና ታደሰ ታምራት በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ታላላቅ የታሪክ መጻሕፍት ገድላትን ከሌሎች ምንጮች ጋር እያስተያዩ ተጠቅመውባቸዋል፤ ክንፈ ርግብ ዘለቀም በ1975 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ገድላት ዝርዝር አዘጋጅተውልናል። ከእነርሱ የምንማረው አንድ ገድል ሦስት ዘመናት እንዳሉት ነው፤ ቅዱሱ የኖረበት፣ ድርሰቱ የተደረሰበትና ይህ በእጃችን ያለው ቅጅ የተጻፈበት። በመዝገባችን ላይ ሦስቱን ለይተን ካልጻፍን፣ አንባቢውን ወይ ወደ መጀመሪያው ወይ ወደ ሁለተኛው ስሕተት እንመራዋለን።

ሌላም አለ። በብዙ ገድላት ውስጥ ያስጻፊው ስም በልመናው ቦታ ላይ ይገኛል፤ መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥም የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም ይተካል። የተፋቀው ቦታ ጉድለት ሳይሆን የመጽሐፉ የሕይወት ታሪክ ነው። በገጹ ላይ የተንጠባጠበው ሰም፣ ብዙ ከንፈር ከመሳለሙ የተነሣ የደበዘዘው ሥዕል፣ በበዓሉ ቀን የሚነበበውን ምዕራፍ ለማመልከት የታሰረው ክር፣ እነዚህ ሁሉ መጽሐፉ እንዴት እንደ ኖረ ይመሰክራሉ። ስለዚህ መጽሐፍን ስናጸዳና ስንጠግን የአገልግሎቱን ምልክት አብረን እንዳናጠፋ መጠንቀቅ ይገባናል። ፎቶግራፍ ቃሉን ያድናል፤ ይህን ግን ሁሉ አያድነውም። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ጦርነት ዳሞን ጨምሮ በብዙ ገዳማት ላይ ጉዳት መድረሱና ንዋያተ ቅድሳት መዘረፋቸው በተዘገበ ጊዜ፣ ቀደም ብሎ በሚገባ ያልተመዘገበ ንብረት ጠፋ ብሎ ማስረዳት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ሁላችንም ተረድተናል።

በመጨረሻም ወደዚሁ ሰፈር እመለሳለሁ። በአዲስ አበባ የአበ ምኔቱ ዝክር የሚኖረው በደብሩ ብቻ አይደለም፤ በጽዋ ማኅበሩም ነው። ማኅበርተኞች በየወሩ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ጸበል ጸዲቁን ይቀምሳሉ፤ ጽዋውም ለቀጣዩ ባለ ተራ ይተላለፋል። ማኅበሩ ሙሴ የሚባል አለቃ አለው፤ ብዙ ጊዜም መዝገብ አለው። በዚያ መዝገብ ማን መቼ እንደ ገባ፣ ማን እንዳረፈ፣ ለማን ቤት መዋጮ እንደ ተደረገ፣ ጽዋው በየትኛው ወር በማን እጅ እንደ ነበረ ይጻፋል። አንድ የከተማ ታሪክ ጸሐፊ የሠራተኛውን፣ የነጋዴዋን፣ የጡረተኛውን ስም ከዚህ የተሻለ የሚያገኝበት ሰነድ ጥቂት ነው።

ካለፉት ሁለት ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ በልደታና በአካባቢዋ በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ ነባር መንደሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ልዩ ልዩ የከተማው ዳርቻ ሄዷል። ለከተማው ዕድገት የሚደረገውን ሥራ እዚህ ልመዝነው አልመጣሁም። የምለው ይህን ነው፦ ቤት ሲፈርስ የካርታው ቅጅ በጽሕፈት ቤት ይቀራል፤ የጽዋ ማኅበሩ መዝገብ ግን ከባለ ተራው ሣጥን ጋር ተጭኖ ይሄዳል፤ ማኅበርተኛው ከተበተነ ደግሞ የሚረከበው ያጣል። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችንም ሆነ በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ታላላቅ ብራናዎችን በክብር ይጠብቃሉ። ባለ መስመር ደብተር ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈውን የማኅበር መዝገብ ግን ማን ይጠይቀዋል? ማኅበራችን አባላቱን በየሰፈራቸው አስተባብሮ፣ የባለቤቶቹን ፈቃድ እየጠየቀ፣ መዝገቡን ከእጃቸው ሳይወስድ ቅጅውን ቢያስቀር ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ለትውልድ የሚተርፍ ይሆናል። ቅጅውን ስናነሣም ከሙሴው ወይም ከአንጋፋው ማኅበርተኛ ዘንድ ቁጭ ብለን፣ ማኅበሩ በማን አሳብ እንደ ተመሠረተ፣ ቅዱሱንም ለምን እንደ መረጡ ጠይቀን አብረን እንጻፍ። መልሱ በመዝገቡ ላይ ያልሰፈረ፣ ከሽማግሌው ጋር የሚያልፍ ነውና።

አንድ አበ ምኔት በኢትዮጵያ ትውፊት ቅዱስ ሆኖ የኖረው፣ ብዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ሥራ ስለ ሠሩለት ነው። አንዱ ጻፈ፣ አንዱ አጻፈ፣ አንዷ ጋገረች፣ አንዱ ቆመ፣ አንዱ ገመዱን ያዘ። መዝገብ መያዝም ከእነዚህ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ከሐይቅ ዘመን ጀምሮ ኖሯል። የሚያምንም የማያምንም ባለሙያ በዚህ ሥራ ላይ እኩል ኃላፊነት አለበት፤ የተረከበውን ሳያጎድል፣ ያልተረከበውንም ሳይጨምር ማስተላለፍ ነው። የጽዋው ተራ ዛሬ ለእኛ ደርሷል፤ ለሚቀጥለው ባለ ተራ ሙሉውን እናስረክብ።